ቀምሶ የሚያቀርብ ልጅ

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ጠዋት ጤና አዳሙን ከረከምሁ። ሥሩ ላይ ጉንዳን ገብቶበታል። ዐመድ ነሰነስሁበት።

ኡሙልኸይር ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ይዛልኝ መጣች። «የዛሬ ጠዋት ነው የሺዬ፣ አሁን ከጀልባ የወረደ።» ዓይኑን አየሁ። ደፍርሷል። የትናንት ነው አልኋት።

«ዓሣውም ይማልልሽ እንዴ?»

ቢምልልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን ዛሬም የዓሣውን ዓይን ሳላይ አልቀበላትም። ታውቃለች። ለዚህም ነው ለእኔ ስታመጣ ጭንቅላቱን የማትቆርጠው።

የልጅ ልጄ ዜማ ከሥራ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር። «እማማ፣ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል።» ማን? «የሥራ ጓደኛዬ።» ትንሽ ቆይታ የሳሎኑን መጋረጃ ለማጠብ ስታወርድ አየኋት። ለሥራ ጓደኛ መጋረጃ ይታጠባል?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

መጣ። ስሙ ምሥጋና ነው። ዜማ በምትሠራበት ኮሌጅ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ረጅም፣ ቀጭን። ማንም ሳይለው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ካልሲው አዲስ ነው… ለዛሬ የተገዛ?

የልደታው ጠላ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ዜማ ቀድታ ወደ እኔ ስትመጣ ተነሥቶ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበላት። መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ጠጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ደነገጥሁ። ቀምሶ መስጠት… ቢመረዝ እኔ ልቅደም ማለት ነው። በአባቴ ቤት ድግስ ሲኖር አሳላፊው ያደርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየሁ አይመስለኝም። የዛሬ ልጅ ውኃ እንኳ በአንድ እጁ ነው የሚሰጥ። ይኼ ከየት አመጣው? እንዲህ ያለ ነገር ደስ እንደሚለኝ ማን ነገረው? ዜማ አቀርቅራ ፈገግ ስትል አየኋት። ተነጋግረውበታል። አሮጊት ማታለያ።

ወሬ ተነሣ። የስልኩ ኢንተርኔት በዚህ ሳምንት ይከፈታል ተብሏል አለች ዜማ። ከተዘጋ ጀምሮ በየሳምንቱ ይከፈታል ይባላል። ልጁ ሣቅ አለና በእንግሊዝኛ «ከጨው ፍሬ ጋር ውሰጂው» አላት።

አባባሉን ዐውቀዋለሁ። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሚስተር ማታይ፣ መነሻውን የማናውቀውን አባባል ስንናገር ከሰሙን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ያቆሙን ነበር። እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅሁት።

«ምን ማለት ነው?»

«የተነገረን ነገር እንዳለ አለመዋጥ ነው እማማ። ትንሽ እየተጠራጠሩ መቀበል።»

«መነሻውስ?»

ፈተና መሆኑ ገባው። ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። በጥንት ዘመን መርዝ የሚፈራ የጳንጦስ ንጉሥ ነበር አለ። ከመርዝ የሚያድን መድኃኒት ነበረው። ሮማውያን ድል ሲያደርጉት አቀማመሙን ከንብረቱ መካከል አገኙት። የደረቀ ገውዝ የሚሉት ፍሬ፣ በለስ፣ ጤና አዳም… አንድ ላይ ተወቅጦ፣ የጨው ፍሬ ተጨምሮበት፣ በባዶ ሆድ። «ያን የወሰደ ሰው በዚያ ቀን መርዝ አይነካውም ብለው ጽፈዋል።»

ጤና አዳም! ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውኃ ያስቀመጥሁት ጤና አዳም ፊቱ ነበር። ዓይኑ አረፈበት፤ ታሪኩ ውስጥ ጨመረው።

«ሮማውያን ጤና አዳም ነበራቸው?»

«ነበራቸው እማማ።»

ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። አደገኛው እንዲህ ያለው ነው።

ማን እንዳሳደገው ጠየቅሁት። አያቱ ናቸው፤ ዱርቤቴ። ሥራቸው? ወደ ዜማ ተመለከተ። «ንግድ ላይ ነበረች… ከእህል ጋር የተያያዘ።»

እህል ነጋዴ እህል ነጋዴ ነው። የተያያዘ ምንድን ነው?

እሑድ፣ ግንቦት 11

ከቅዳሴ መልስ ሚስተር ማታይ የሸለሙኝን መዝገበ ቃላት አወረድሁ። አባባሉ አለ። ከላቲን የመጣ ነው ይላል፤ ትርጉሙን ይሰጣል። ንጉሥ የለም። መርዝ የለም። ጤና አዳም የለም።

ጠርጥሬ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

«ሽማግሌ ሊልክ ነው እማማ።» ሳህን እያጠበች ነው የነገረችኝ፤ ፊቷን ሳትመልስ። ይላክ አልሁ። ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም። መልሱ ሌላ ነገር ነው።

የአባቷም ምላስ ማር ነበር። የእሱም ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ቆመው ምለውለት ነበር። ዜማ በተወለደች ዓመት ሌላ ከተማ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጆች እንዳሉት ተሰማ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘችም። ዜማን በእጄ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔ የቀበርሁት ያመነችውን ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ አምሐ፤ ጡረታ ሳይወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ። ተቀመጡ አልኋቸው። ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ ጠየቅሁ። በአባቱም በእናቱም ቆጠሩ። ሥጋ አይገናኝም። እናቱም አባቱም ገና ሕፃን ሳለ አርፈዋል።

«አሳዳጊ አያቱ የት ናቸው?»

አቶ አምሐ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ደህና ናቸው።»

«የት ናቸው አልሁ እንጂ እንዴት ናቸው አላልሁም።»

«ሰላም ነው… አሉ… ይኖራሉ።»

የፍርድ ቤት ሰው እንዲህ ይመልሳል? ምስክር ቢሆኑ ዳኛው ይገሥጻቸው ነበር።

«እትዬ የሺአረግ፣ ፈተና ላይ ነን እንዴ?» አሉኝ እየሣቁ።

«አዎ። ሰዓቱም አላለቀም።»

ለሰኔ 9 ቀጠርኋቸው። በመጀመሪያ ቀን መልስ እንደማይሰጥ እነሱም ያውቃሉ። ጓዳ ሆና የምታዳምጠዋ ዜማ ግን አላወቀችም መሰል፤ ሲወጡ ዓይኗ ቀልቷል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 24

በርበሬ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አየሁት። ምሥጋናን። ጌሾ ሲገዛ።

በርበሬ ሻጯ ዳስ ሥር ቆሜ አስተዋልሁ። ቅጠሉን በጣቱ አደቀቀ። አሸተተ። አንዱን እስር መለሰ። ሌላውን ፈትቶ እንጨቱን አየ። ባለሙያ ሴት እንደምታደርገው። ላጤ ወንድ፣ አስተማሪ፣ በኪራይ ቤት የሚኖር… ጌሾ ምን ያደርግለታል? ጌሾ የሚገዛ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያለው ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሴት አለች።

ለኡሙልኸይር ነገርኋት። «ለእኔ ጌሾና ሣር አንድ ነው፤ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለች። ልጇ ነስረዲን ግን ባጃጅ ይነዳል፤ ምሥጋናን ግሽ አባይ ሰፈር ቤቱ ድረስ ብዙ ጊዜ አድርሶታል። ጠራችልኝ። አንገቱን አከከ።

«ግቢው ውስጥ የሴት ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ እትዬ። ሌላ አላውቅም። እኔ የሰው ቤት አላይም።»

ሌላ ምን ይወቅ? ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ለዜማ ነገርኋት። ጌሾውን፣ ቀሚሱን። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም። ቁጭ አለች።

«ሴት እንዳለች ዐውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ የሚያስቡት አይደለም። ልነግርዎት አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ይህንንም አልነግርዎትም።»

ቃል አስገብቷታል። አባቷም እናቷን እንዲሁ ቃል ያስገባት ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርሁት። ዜማ አንድም ቀን በዚህ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ዛሬም አላደረገችም። ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።

«እማማ፣ ካልፈቀዱ አላገባም። ያለ እርስዎ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር አልነግርዎትም። ብነግርዎትስ መቼ ያምኑኛል?»

ተነሥታ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈውን ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 27

እራት በልተን ተነሣን። «ጨው አቀብዪኝ» ካልኋት በቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

ዓርብ፣ ግንቦት 30

ሄድሁ። ኡሙልኸይርን አብረን እንሂድ ብላት «እኔ ለስለላ አልወጣም፤ ልጄ ግን ያደርስሻል» አለች። ነስረዲን ግሽ አባይ አደረሰኝ። ምሥጋና የሚያስተምርበት ሰዓት መርጬ ነው።

የቆርቆሮ በር። ገርበብ ብሏል። ቤቶች ብዬ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ብቅል ተሰጥቷል። አጠገቡ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አሮጊት። ከእኔ የሚበልጡ። ራሳቸውን በሻሽ ጠምጥመው፣ ዶሮ ለማባረር ረጅም ዘንግ ይዘው። ሌላ ሴት የለችም። ገመዱ ላይ የተሰጣው ቀሚስ የእሳቸው ነው።

ማን ነሽ አላሉኝም። «ይግቡ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ» ብለው ተነሡ። ወገባቸውን ይዘው ጓዳ ገቡና በጣሳ ጠላ ይዘው ወጡ። ቆሙ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ። ጠጡ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ያው እጅ። ያው ጎንበስ ማለት። ትያትር መስሎኝ የነበረው።

«ለማያውቁት ሰው እንዲህ ያከብራሉ?» አልኋቸው።

«ለማላውቀው ነው እንጂ የሚቀመስ። ዱርቤቴ ገበያ ዳር ጠላ ስሸጥ ነው ዕድሜዬ ያለቀ። ገበያተኛ ደግሞ ጠላት አያጣም። የሚጣሉት ሁለቱ እኔ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሳልቀምስ የሰጠሁት ሰው የለም። የልጅ ልጄንም በዚሁ ነው ያሳደግሁት፤ ገና ብርጭቆ መያዝ ሳይችል መቅመስ ይችል ነበር።»

«ለቤት ሰውስ?»

«ለቤት ሰው ማን ይቀምሳል? ልጄ ለእኔ ቢቀምስልኝ በዚህ ዘንግ ነው የምለው። ጠላት ነኝ ወይ ይባላል።»

ስማቸው ወይዘሮ ሸዋዬ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ መንገዱም አላስተማምን ሲል፣ ምሥጋና አምና ወደዚህ አመጣቸው። አሁን አይሸጡም። እጄ ሥራ ፈታ ብለው እያስቸገሩት ጌሾ ይገዛላቸዋል፤ ጎረቤት ይጠጣዋል።

እኔ ሳልጠይቅ ቀጠሉ። «የተማረች ልጅ ሊያገባ ነው። አያቷ አስተማሪ ነበሩ አሉ። ቁጡ፣ ነገር አጣሪ። እኔን ደብቀኝ፣ የጠላ ሻጭ ልጅ ብለው ይመልሱሃል አልሁት። አይሆንም አለ። አስማልሁት። ልጅቱንም መጥታ ሳለች አስማልኋት። ሽማግሌዎቹንም ለመንኋቸው። መስቀል ነው ያስመታኋቸው፤ ምን ያድርጉ?»

ጣሳው እጄ ላይ ነበር። ጨረስሁት።

«ጠላው እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ንጹሕ ነው። ጌሾ በዝቶበታል።»

ሣቁ። ጥርሳቸው የለም ማለት ይቻላል። «እውነት የሚናገር እንግዳ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ። ማን ልበል?»

«የሺአረግ።»

ዘንጉን መሬት አስደገፉ። ዶሮዋ ብቅሉ ላይ ወጣች፤ ማናችንም አላባረርናትም። ከዚያ፦

«እንግዲህ ቤቴን አይተዋል። በልጁ አይቀየሙ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

እሺም እንቢም ሳልል ተነሣሁ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ… ሚስት የለችውም። ደህና። ግን ደብቋል። ማንም ያስምለው፣ ፊቴ ተቀምጦ «ከእህል ጋር የተያያዘ» ብሎኛል። ጠላ ከእህል ይጠመቃል፤ ስለዚህ አልዋሸም። አልተናገረምም። በትንሹ እንዲህ የሚያመልጥ በትልቁስ?

ደግሞ ያ የጤና አዳም ነገር አለ። እሱን ማንም አላስማለውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 1

ዜማ መሄዴን ሰምታለች። ቤት ስትገባ አየችኝ። አንድ ነገር የምትጠብቅ መሰለች። እኔም አንድ ነገር ልናገር ነበር። ኩሽና ገባች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ኢንተርኔቱ ተከፈተ። በወሬ አይደለም፤ የዜማ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ ዋለ።

ስትገባ ጠራኋት። «ያን የጨው አባባል መነሻውን ፈልጊልኝ።»

በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «እሱን ለመያዝ ነው?»

«ለማወቅ ነው።»

ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ፈለገች። ድምፅዋን ሳትቀይር፣ እንደ ዜና አንባቢ አነበበችልኝ። አንድ የጥንት ሮማዊ የጻፈው ነው። የጳንጦስ ንጉሥ። ሁለት የደረቀ ገውዝ፣ ሁለት በለስ…

«ሀያ ቅጠል ጤና አዳም።»

«እስኪ ድገሚው።»

«ሀያ ቅጠል። ጤና አዳም። አብሮ ተወቅጦ የጨው ፍሬ ይጨመርበታል ይላል።»

ሌላም ቦታ ፈልጊ አልሁ። ፈለገች። ያው ነው። ሌላም ቦታ። ያው። ልጁ ታሪኩ ላይ ከራሱ የጨመረው አንድም የለም። ሀያውን ብቻ ነው የተወው።

«ይህ መድኃኒት ነው። እንዴት ወደ መጠራጠር ዞረ?»

አነበበች። «በእርግጥ አይታወቅም ይላል። በእንግሊዝኛ በዚህ ትርጉም የተጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሌላው ግምት ነው።»

አላውቅም የሚል ጽሑፍ ደስ ይለኛል።

«ንጉሡስ ምን ሆነ?»

«ዕድሜውን ሙሉ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደ ሰውነቱን አለማመደ ይላል። መጨረሻ ላይ ተሸነፈ። እጅ ላለመስጠት መርዝ ጠጣ… አልገደለውም። ወታደሩን በሰይፍ ግደለኝ ብሎ ለመነው።»

ስልኩን አጠፋች። ይህ ንጉሥ ከሁሉ ሰው ተጠብቆ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ ከራሱ መጠበቂያ የሚያስጥለው አጣ። አብረውት ይበሉ የነበሩት ሰዎች ምን ይሉት ይሆን? ቀምሰው ሲሰጡት ይበቃው ነበር? አይመስለኝም። በነጋታው እንደገና ይቅመሱ ይላል። በነጋታው እንደገና…

ዜማ ልትነሣ ስትል «ገውዝ ምን ዓይነት ነው?» አልኋት። ስዕሉን አሳየችኝ። አጠገቤ መጥታ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ለኡሙልኸይር ሁሉንም ነገርኋት፤ ንጉሡንም፣ ጨውንም፣ ወይዘሮ ሸዋዬንም። የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች አዳመጠችኝ።

«ፍሬ ነው ያሉት?»

«የጨው ፍሬ። አዎ።»

«አንቺ አሞሌውን ነው የምትልሺው።»

በኋላ ነስረዲንን ግሽ አባይ ላክሁት። ለወይዘሮ ሸዋዬ እንዲህ በልልኝ አልሁት፦ እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይምጡ፤ ከኋላ ሆነው ሳይሆን ከፊት። ጠላም ይዘው ይምጡ። ሁለቴ አስደገምሁት። በትክክል ያዘው።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ጠዋት ኡሙልኸይር ዓሣ ይዛ መጣች። የዛሬ ነው አለች። ዓይኑን አየሁ፤ አንዱን ብቻ። ተቀበልኋት። «ሌላውስ?» አለች። ሂጂ አልኋት።

ከሰዓት በኋላ መጡ። አቶ አምሐ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ምሥጋና። ወይዘሮ ሸዋዬ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም። የክብር ቦታ አስቀመጥኋቸው። እንቢ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኋቸው።

አቶ አምሐ «ሰዓቱ አለቀ እትዬ?» አሉ። ቆይ አልኋቸው።

ጠላው እሳቸው ያመጡት ነው። ምሥጋና ቀዳና ወደ እኔ መጣ። የቀኝ እጁ ብርጭቆውን ይዟል፤ ግራ መዳፉን ዘረጋ። ሊያፈስ ሲያዘነብል ከእጁ ወሰድሁት። ጥቂት ፈሰሰ፤ ምንጣፉ ላይ።

«ለቤት ሰው አይቀመስም» አልሁት።

ጠጣሁ። እስከ ግማሽ። ልጁ መዳፉን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ። ዜማ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሸሽጋ አይደለም ያለቀሰችው። ወይዘሮ ሸዋዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ አምሐ «ይህ መልስ ነው ወይስ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። መልስ ነው አልሁ።

መረቅናቸው። ለሠርጉ ጥር ተቆረጠ። ማታ ዜማ ሳህን እያጠበች ስለ ቀሚሷ፣ ስለምትጠራቸው፣ ስለማትጠራቸው ስትነግረኝ ቆየች። ግማሹን አልሰማኋትም። ድምፅዋን ነበር የምሰማው።

አንድ ነገር። ሲሄዱ ወይዘሮ ሸዋዬን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ቆም ብለው፦

«ጌሾውስ? ቀንሼዋለሁ።»

«ተስተካክሏል» አልኋቸው።

አልተስተካከለም። በጎን አዩኝ፣ ረዘም አድርገው።

አላመኑኝም።